የሰባት ዓመቷ ልጅ ልቅሶ

«ጠጪው እንጂ፤ ባዶ ሆድሽን እኮ ነው የዋልሽው» አለቻት ጎረቤቷ። የሟቹ እህት የቡናውን ስኒ ተቀብላ ሳትጠጣው ያዘችው። ወንድሟ ከተቀበረ ወዲህ አንዲት እንባ ጠብ አላለላትም። ልታለቅስለት ፈልጋ ልቅሶ አጣች፤ ከሞቱ ሌላ የሚያንገበግባት ይሄ ነበር።

በሩ አጠገብ የተቀመጡት ሁለት ሴቶች ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ ለወጉ ያህል።

«ያላት እሱ ብቻ ነበር። ምን ዓይነት አንጀት ቢኖራት ነው?»

«ድሮ ፊልም ላይ ስታለቅስ ግን ያየ ሁሉ አብሯት አልቅሷል አሉ።»

እውነት ነው። ሰባት ዓመቷ ሳለ ከታላቅ ወንድሟ ጋር አንድ ጥቁርና ነጭ ፊልም ሠርታለች። የልቅሶው ትዕይንት ላይ እንባ እምቢ አላት። የፊልሙ አዘጋጅ መላ አያጣም፤ ወንድሟን ቁም ሳጥን ጀርባ ደበቀውና ካሜራው መቅረጽ ሲጀምር «ወንድምሽን መኪና ገጨው፤ ሞቷል» አላት። ጮኸች፤ መሬት ላይ ተንከባለለች። ቀረጻው እንዳበቃ ወንድሟ እየሳቀ ወጣ። በጥፊ አጮለችውና አንገቱ ላይ ተጠመጠመች።

ወንድሟ አድጎ ልብስ ሰፊ ሆኖ፣ ፀጉሩ ሸብቶም ቀልዱን አልተወም። በመርፌው ቀዳዳ ክር እያስገባ «አንቺ እኮ የእኔን ልቅሶ ጨርሰሻል፤ ስሞት ቁጭ ብለሽ ሻይሽን ጠጪ» ይላት ነበር። ያኔ ትስቅ ነበር። አሁን ቀልዱ እርግማን ሆነባት።

ወደ ማምሻው ለቀስተኛው ሲሳሳ የወንድሟ ልጅ ስልኳን ይዛ አጠገቧ ተቀመጠች። «አክስቴ፣ ጠፋ ሲባል የኖረውን ፊልም አገኘሁት። አንድ ሰው ኢንተርኔት ላይ ጭኖታል። አባዬን ልጅ ሆኖ አየሁት!»

አብረው አዩት። ወንድሟ በቁምጣ ግቢውን እየዞረ ይሮጣል፤ አንድ ጫማው ወልቆ እንኳ አይቆምም። ከዚያ ፊልሙ ላይ ያለችው የሰባት ዓመቷ ልጅ መሬት ላይ ወደቀች። ትወና አልነበረም፤ እንባው ከአፍንጫዋ ፈሳሽ ጋር ተቀላቅሎ አገጯ ላይ ይወርዳል። እህትየው በራሷ እንባ ቀናች። ወዲያው ምስሉ ጠቆረ።

«ቀጥይው» አለች።

«ትዕይንቱ እዚያ ጋ ነው የሚያልቀው፣ አክስቴ።»

«አያልቅም። ከዚህ በኋላ ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ይወጣል።»

የወንድሟ ልጅ መለስ አድርጋ ከፈተችው። ፊልሙ እዚያው ቦታ ላይ ጠቆረ።

«አባዬ አይወጣም፣ አክስቴ።»

እህትየው ፍራሹ ላይ ወደ ግድግዳው ጠጋ አለችና ከጎኗ ለወንድሟ የአንድ ሰው ቦታ ለቀቀች።