የአሮጌው በር ጉድጓድ

እናቴ በዓል አትወድም። ዘንድሮ ግን «ለነጻነታችን የተዋደቁበት የድንበር ምሽግ በክብር ይታሰባል» ሲባል እንደ ልጅ ጓጓች። ለሟች ቤተሰብ ሽልማት አለ ስለተባለ እንዳይመስላችሁ! አባቴ የወደቀው ምሽጉ በተከበበ ጊዜ ነው። መቅበሪያ ስላልነበረ ጓደኞቹ ከበሩ አጠገብ ባለ ደረቅ የውሃ ጉድጓድ ውስጥ አኖሩት። ከዚያ ወዲህ ወደ ምሽጉ ከወታደር በቀር ማንም አይገባም ነበር። አሁን አዘጋጆቹ «ከበዓሉ ማግስት አጥንቱን እናወጣለን» አሏት። «ቀብሬው ልሙት፣ ሌላ ምን እፈልጋለሁ?» ትላለች፤ ጠዋት ማታ ይችኑ ነው።

ወንድሜን ቤት ውስጥ «መሐንዲሱ» እያልን እናሾፍበታለን፤ ግንበኛ ነው። አባታችን ሲሞት እሱ ገና ሆድ ውስጥ ነበር። የምሽጉን ግቢ ለበዓሉ ሲያድሱ ቀጠሩት።

«እትዬ፣ በሩ አጠገብ ያለውን ጉድጓድ በሳንቃ ከድኜ አጥሬዋለሁ። ማንም ንክች አያደርገውም» አለኝ። እፎይ አልን።

በበዓሉ ቀን ደግፈናት ገባን። ባንዲራው፣ ድንኳኑ፣ ጆሮ የሚበጥስ ድምፅ ማጉያ፣ ምኑ ቅጡ! ወንድሜ ወደ ሳንቃው ሲመራት ቀጥ ብላ ቆመች።

«ወዴት ነው የምትወስደኝ?»

«በሩ ጋ ነዋ፣ እማዬ።»

«የምን በር! ስንቅ ሳመላልስ ይሄ የት ነበረ? በራችን በወዲያ ነው፣ በወንዙ በኩል።»

ለካ ወንድሜ ከመቀጠሩ በፊት፣ ለእንግዶች መኪና እንዲመች ብለው ግንቡን አፍርሰው አዲስ በር ከፍተዋል፤ አሮጌውንም ደፍነውታል! ማን ነገረን? እሱ ሲጠብቅ የከረመው የወታደሮቹን የቆሻሻ ጉድጓድ ነው።

እናቴ ክንዳችንን እየጎተተች ሄዳ ባንዲራው የተተከለበት ሰፊ ኮንክሪት ላይ ቆመች። የወንድሜ ፊት አመድ መሰለ።

«እዚህ የነበረውን ጉድጓድ የግንቡን ፍርስራሽ ሞልተውበት ነው ያገኘሁት» አለኝ በጆሮዬ። «ደልድለህ ኮንክሪት ሙላበት አሉኝ፤ ሞላሁበት። እኔ ነኝ፣ እትዬ። በገዛ እጄ።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

እናቴ ጎንበስ ብላ በመዳፏ ዳሰሰችው። «እዚህ ነው። አንተ ሙያው አለህ፤ ይሄ ይነሳል አይደል፣ ልጄ?»

«ብረት አለበት፣ እማዬ። ታች ድረስ። ቢፈርስም ከሥሩ ያለውን አድቅቆ ነው» አለ።

በድምፅ ማጉያው የጀግናው ባለቤት ወደ መድረክ እንድትወጣ ይጠሯታል። እሷ ወዲያም አላየች። እጇን ወደ ሰማይ ዘረጋች።

«ይህን ያደረገ እጅ ይሰበር!»

ወንድሜ ክንዷን እንደያዘ «አሜን» አለ።