የእርቅ ጉዞ ወደ አበርዴር

እህቴ ፍቅርተ ሁለት የፊት ጥርሶቿን በሶፍት ጠቅልላ ናይሮቢ፣ ሁርሊንግሃም ሰፈር ያለው ምግብ ቤቴ በጓሮ በር ገባች። አገጯ ላይ ደም ደርቋል። አላለቀሰችም። ሽንኩርት የምከትፍበትን ቢላ እንደያዝኩ ባሏን ፍለጋ ልወጣ ስል ቀሚሴን ይዛ አስቀረችኝ።

«እትዬ ወርቂቱ፣ ተዪው። አንቺንም ይገልሻል» አለችኝ።

የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው። እኔ ለክፉ ቃል ጥፊ የምመልስ ሰው ነኝ፤ እሷ ጥፊ ቀምሳ ይቅርታ የምትጠይቅ ናት። ባሏ ዘርይሁን በላንድክሩዘር ቱሪስት የሚያዞር ሾፌር ነው። ለፈረንጅ በር ይከፍታል፣ ጃንጥላ ይይዛል፣ ሲጠሩት ይስቃል። አፉ ቅቤ፣ ልቡ ጩቤ። ያን ቀን የመታት ከማታቱ ታክሲ ስትወርድ ከረዳቱ ጋር ስትስቅ አየሁ ብሎ ነው። ቤት አስገብቶ በሩን ቆለፈ፣ ደረቷን በጫማው ረገጠ፣ ፊቷን ከመታጠቢያው ጠርዝ ጋር አጋጨው። ከዚያ ፀጉሯን ጨምድዶ፣ ጆሮዋ ሥር፣ «የማላውቀው ተራራ የለም። ሰው የማያገኝሽ ቦታ ወስጄ እጥልሻለሁ። ጅብ ይቀብርሻል» አላት።

ፖሊስ ጋ እንሂድ ብላት እምቢ አለች። «መጀመሪያ ሽማግሌ ይስማኝ። የትዳሬን ገመና ለባዕድ አላወጣም።»

እኛ እንዲህ ነን። ጥርሳችን ወልቆ እንኳን ሽማግሌ ካልተቀመጠበት ነገሩ የደረሰብን አይመስለንም። ተናደድኩ፤ ግን እሷው የፈለገችውን ጠራሁላት።

በተከታዩ እሑድ ከቸርች መልስ ምግብ ቤቱን ዘግቼ ተቀመጥን። ሽማግሌዎቹ ሁለት ናቸው። አቶ ፊሊጶስ የቸርቻችን ሽማግሌ ናቸው፤ ፍቅርተንና ዘርይሁንን ያጋቡትም እሳቸው ናቸው። ሐጂ አብዱልሰላም ደግሞ ከኢስሊ ገበያ እስከ ሞያሌ ድረስ ጨርቅ የሚነግዱ፣ አባታችንን በደህና ቀን የሚያውቁ ሰው ናቸው። ዘርይሁን ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ ማንጎ በካርቶን ተሸክሞ፣ የታጠፈ ካርታ በብብቱ ይዞ መጣ። ካርታውን ሳይ ገርሞኝ ነበር። ለካ ነገሩ ቀድሞ አልቋል።

አቶ ፊሊጶስ ጸልየው፣ «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ብለው ጀመሩ። ሥሩን ግን አልነኩትም።

«ችግራችሁ ናይሮቢ ናት» አሉ። «ሥራው፣ ጫጫታው፣ የሰው ወሬው። የባለትዳሮች ሴሚናር ላይ የተማርነውም ይኼንኑ ነው፤ ባልና ሚስት ብቻቸውን ወጣ ማለት አለባቸው። ከዘርይሁን ጋር ተነጋግረናል። መኪና አለው፣ ፓርኮቹን ያውቃል። ተራራ ታያላችሁ፣ የጌታን ሥራ ታያላችሁ፣ ታርቃችሁ ትመጣላችሁ።»

«ተራራ ላይ እጥልሻለሁ ያላትን ሰው ነው ተራራ ይዘሃት ሂድ የምትሉት?» አልኩ።

«በንዴት የተነገረ ነው፣ ወርቂቱ። ንዴት ምን የማያናግረው አለ?»

«ሰይጣን አሳስቶኝ ነው፣ እትዬ» አለ ዘርይሁን አንገቱን ደፍቶ። እንባም አወጣ። ከዚያ ካርታውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ፤ እንባው ወዲያው ደረቀ።

«የምንሄደው በሚቀጥለው ሳምንት ነው» አለ። «ሜይ ለፈረንጆቹ የስፕሪንግ መጨረሻ ነው፣ ሁሉም አገሩ ፀሐይ ይሞቃል። እዚህ ትልቁ ዝናብ ስለሆነ ቱሪስት የለም። ፓርኩ የእኛ ብቻ ነው።»

«ጥሩ! ዋናው ብቻችሁን መሆናችሁ ነው» አሉ አቶ ፊሊጶስ።

ፍቅርተ ቀስ ብላ፣ «የት ነው የምናድረው?» አለች።

«ድንኳን አለኝ።»

«ኔሪ ከተማ ሆቴል የለም?»

«ለከተማማ ናይሮቢ መች አነሰችን» ብሎ ሳቀ። አቶ ፊሊጶስም ሳቁ።

ጣቱ ከኔሪ ተነስቶ ወደ አበርዴር ተራሮች ወጣ። ጉም ወደሚተኛበት ሜዳ፣ ከዚያ ወደ ፏፏቴው። ከፏፏቴው ወርዶ ወደ ማውንት ኬንያ ተሻገረ፤ ሎጅና ሰው ባለበት በናንዩኪ በኩል ሳይሆን፣ በምሥራቅ በቾጎሪያ፣ በቀርከሃው ጫካ። እህቴ ሰው ያለበትን በጠየቀች ቁጥር ጣቱ ሰው ወደሌለበት ይሄዳል። ይኼን ለማየት ምን ትምህርት ይጠይቃል?

«ፏፏቴው ሦስት ደረጃ አለው» አላት፣ ዓይን ዓይኗን እያየ። «ከላይ ሆነሽ ስታዪው ታችኛው አይታይም።»

«ኔትወርክስ አለ?» አልኩት።

«የለም። ደስታውስ እሱ አይደል?»

እስከዚያ መቁጠሪያ ሲቆጥሩ የነበሩት ሐጂ አብዱልሰላም ቀና አሉ። «ልጄ፣ እኔ በዝናብ መኪና ነድቼ ያረጀሁ ሰው ነኝ። በዚህ ወር እዚያ ጫካ የሚገባ ወይ እብድ ነው፣ ወይ ሌላ ጉዳይ አለው። ከሄዳችሁ ናንዩኪ ሂዱ። አስፋልት ነው፣ ሰው አለ።»

«እንዳሉ ይሁን፣ ሐጂ» አለ። ጣቱ ግን ፏፏቴው ላይ ነበር።

ፍቅርተ እጆቿን ጠረጴዛ ሥር ደብቃ ነበር። አወጣቻቸውና ካርታው ላይ አኖረቻቸው።

«እሄዳለሁ» አለች።

«ፍቅርተ!» አልኩ።

«እሄዳለሁ። ግን እትዬ ከኋላ ትቀመጣለች። እሷ ካልተመቻት ጋሼ ፊሊጶስ ይምጡ። ሦስተኛ ሰው ካለ በፈለገው ተራራ ይውሰደኝ።»

የጠየቀችው ይቺን ብቻ ነው። አቶ ፊሊጶስ፣ «እሱማ ደህና ሐሳብ…» ብለው ጀምረው ነበር፤ አልጨረሱም።

«እኔን ልታስጠብቂ!» ብሎ ዘርይሁን ፀጉሯን ጨብጦ ፊቷን ካርታው ላይ ደፈቀው። ጠረጴዛው ተናጋ፣ ብርጭቆዎቹ ወርደው ተሰበሩ። ሁለተኛ ሲደፍቃት ተወራጭታ ተነሳችና፣ በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ጥፍሯን ጉንጩ ላይ ተከለች። ቆዳው ተልጦ በጥፍሯ መጣ። እሰይ አልኩ። በአፌም አልኩት መሰለኝ።

ይኼኔ ገላጋይ ተነሳ። የእኛ ሰው ጠብ ሲገላግል የሚይዘው የሚመታውን አይደለም፣ ለመያዝ የሚቀለውን ነው። አቶ ፊሊጶስ ከኋላዋ መጥተው ሁለት ክንዷን ጥፍንግ አድርገው ያዙ።

«ተይ ልጄ፣ ተይ፣ አንቺ ሴት ነሽ፣ ታገሺ!»

እሳቸው እንደያዟት፣ እሱ በቡጢ መታት። አፍንጫዋ ሲሰበር ድምፁን ሰማሁ፤ የደረቀ ጭራሮ እንደሚሰበረው ነው። ልትሸሽ ወደ ኋላ ገፋች፣ እሳቸው አጥብቀው ያዙ። ደግሞ መታት። ዓይኗ ሥር ተቀደደና ደሙ የአቶ ፊሊጶስን እጅጌ አራሰው። አሁንም «ተይ ልጄ» ይላሉ። ራሷን የምትከልልበት እጅ የላትም።

ኩሽና ገብቼ የሙቀጫውን ዘነዘና ይዤ ወጣሁ። ትከሻው ላይ አሳረፍኩበት። ዞሮ ሆዴን በርግጫ አለኝና የተሰባበረው ብርጭቆ ላይ ወደቅኩ፤ መዳፌ ተሰነጠቀ። ከወደቅኩበት ሳልነሳ ጉልበቱን በዘነዘናው ባለ በሌለ ኃይሌ መታሁት። ጉልበቱ ወደማይታጠፍበት ሲታጠፍ አየሁ። እየጮኸ ወደቀ። ሐጂ አብዱልሰላም ከባድ ሰው ናቸው፤ ዘለው ደረቱ ላይ ተቀመጡበት። እሳቸው ሥር ሆኖም «እገላታለሁ! ስወጣ እገላታለሁ!» ይል ነበር። አልዋሽም፣ ዘነዘናውን ከጭንቅላቱ በላይ አንስቼ ነበር። ሐጂ ናቸው እጄን የያዙት።

«ይበቃል፣ ልጄ። እሱን ብለሽ እስር ቤት አትግቢ።»

ክፍሉ ውስጥ የእሱ ጩኸት ብቻ ቀረ።

«ጋሼ፣ አሁን ይልቀቁኝ» አለች ፍቅርተ።

ገና አለቀቋትም ነበር። እጃቸውን ሲያነሱ የጣታቸው ምልክት ክንዷ ላይ ቀላ። በቀሚሷ ጠርዝ አፍንጫዋን ይዛ፣ «ፖሊስ ጣቢያ እሄዳለሁ» አለች።

«ቆይ እስቲ ልጄ» አሉ አቶ ፊሊጶስ። «ዛሬ ሁላችንም ስሜት ውስጥ ነን። ጉዞውን ለሌላ ጊዜ እናስተላልፈውና…»

«አንተ ሰውዬ፣ ፈጣሪህን ፍራ!» ብለው ጮኹባቸው ሐጂ ከተቀመጡበት።

ፍቅርተ አልጮኸችም። «ጋሼ፣ እርስዎም ይምጡ። ያዩትን ይናገሩልኝ።»

«እኔ ልገላግል ብዬ እኮ…»

«አውቃለሁ። ይምጡ።»

ሐጂ ዘርይሁን ላይ እንደተቀመጡ ቀሩ፣ እኛ ሦስታችን ወጣን። መንገድ ላይ ሰው ቆሞ ያየናል፤ ከኋላችን አቶ ፊሊጶስ የራሰ እጅጌያቸውን በሌላው እጃቸው ሸፍነው ይከተላሉ። በመሃል ይመለሳሉ ብዬ ዞሬ ዞሬ አይ ነበር።

ጣቢያው ውስጥ ጠረጴዛ ላይ የነበረችው ፖሊስ ሴት ናት። የእህቴን ፊት አይታ እስክሪብቶዋን አነሳች።

«ናኒ አሊኩፒጋ?» ማነው የመታሽ?

«ባሌ» አለች ፍቅርተ፤ የት እንዳለም ነገረቻት። ፖሊሷ ሁለት ባልደረቦቿን ጠርታ ወደ ምግብ ቤቱ ላከች። ከዚያ ክንዷ ላይ ያለውን የጣት ምልክት አየች፤ በግራም በቀኝም፣ ከኋላ የተያዘ ሰው ምልክት።

«ና ሂ?» ይኼስ?

ፍቅርተ ሽማግሌ ማዋረድ አታውቅበትም። እኔ አውቅበታለሁና አፌን ስከፍት አቶ ፊሊጶስ ከኋላዬ ወጥተው ጠረጴዛው ፊት ቆሙ።

«ኒ ሚሚ» አሉ በተሰባበረ ስዋሂሊያቸው። «ሚሚ ኒሊምሺካ። ዬዬ አካምፒጋ።» እኔ ነኝ። እኔ ያዝኳት፣ እሱ መታት።

ፖሊሷ መጻፏን አቁማ ቀና ብላ አየቻቸው። «ክዋ ኒኒ?» አለች። ለምን?

አቶ ፊሊጶስ አፋቸውን ከፈቱ። ዕድሜ ልካቸውን ሰው ሲያስታርቁ ቃል አጥተው አያውቁም ነበር፤ አሁን ግን የራሰ እጅጌያቸውን ብቻ ዘርግተው አሳዩአት። እህቴ ወንበር ሳበችላቸው። ከዚያ በደም በተነከረው አፏ፣ ፊቷን ወደ ፖሊሷ መልሳ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ወደ አበርዴር ሊወስዷት የነበረውን ጉዞ ከመጀመሪያው መናገር ጀመረች።