አሥር ሰው የሚል ዝርዝር

ገርጂ ያለው ጋራዤ ውስጥ ኮምፒዩተር የገባው በ1989 ዓ.ም. ነው። እኔ አልፈለግኩም። ንድፍ ሠሪዬ አሌክስ «በእርሳስ መሣል ቀርቷል እትዬ» እያለ ሲነዘንዘኝ ገዛሁለት።

የመጀመሪያ ሥራው ለውይይት ታክሲ፣ ተሳፋሪ ፊት ለፊት ለሚቀመጥባት፣ ወንበር መንደፍ ነበር። አንድ አግዳሚ ወንበር ሣለና ቦታው ይበቃ እንደሆነ ለማየት አምስት ሰው ሥሎ አስቀመጠበት። ከዚያ ወንበሩን ከነተሳፋሪዎቹ እንደ አንድ ዕቃ ይዞ ቅጂውን ማዶ ለጠፈው። ኮምፒዩተሩም በሁለቱ ወንበሮች ውስጥ ያገኘውን ሁሉ ቆጥሮ የዕቃ ዝርዝር አወጣ፦ ቱቦ፣ ስፖንጅ፣ ብሎን፣ አሥር ሰው።

ማንም ሳያነበው ወረቀቱ ለዕቃ ገዢዬ ለሙዘሚል ተሰጠ። እሱን ደግሞ ባለፈው ሳምንት ብሎን አጉድሎ ስለመጣ «ሁለተኛ ከዝርዝሩ አንዲት ነገር ብትጎድል ወዮልህ» ብዬው ነበር።

ከሰዓት በኋላ ከመገናኛ በጭነት መኪና ተመለሰ። ቱቦው አለ፣ ስፖንጁ አለ፤ ስፖንጁ ላይ አሥር ጫኝና አውራጆች ተቀምጠዋል።

«እነዚህ ምንድን ናቸው?» አልኩት።

«ዝርዝሩ ላይ ያሉት ናቸው እትዬ። ብሎኑም አልጎደለም።»

ከመጡ አይቀር ብዬ ሁለቱ ወንበሮች እንደተበየዱ ታክሲዋ ውስጥ አስቀመጥኳቸው። ሰባቱ ገቡ። ሦስቱ ውጭ ቀሩ፤ የገቡትም ጉልበታቸው ተቆላልፎ መውረድ አቃታቸው።

አሌክስ ስክሪኑን አይቶ ተመለሰና ሙዘሚል ላይ አፈጠጠ። «እኔ የሣልኳቸው ቀጫጭኖች ናቸው።»

ሙዘሚል ወረቀቱን ከኪሱ አውጥቶ ዘረጋለት።

«ለቱቦው ውፍረት ጽፈሃል። ለሰዎቹ አልጻፍክም።»