የሠላሳ ቀን ድምፅ

ደሞዝ የሚከፈለኝ ለጆሮዬ ነው። በ2002 ዓ.ም. ከመገናኛ ብዙም ሳይርቅ፣ ሬዲዮና ቴሌቪዥን በሚቆጣጠር መሥሪያ ቤት አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ማዳመጫ ሰክቼ ቀኑን ሙሉ አንድ የኤፍ ኤም ጣቢያ እሰማ ነበር። ማን ምን አለ፣ ማስታወቂያው ስንት ደቂቃ ፈጀ፣ የማን ስም ጠፋ እያልኩ ቅጽ እሞላለሁ። ማታ ማዳመጫውን አውልቄ ታክሲ እይዛለሁ፤ ከዚያ ወደ እንጦጦ ማርያም የሚወስደውን ዳገት በእግሬ ወጥቼ ከአባቴ የወረስኩት ቤት እገባለሁ። እዚያ የሚሰማ ነገር የለም። ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ አላገባሁም፣ አልወለድኩም። ሰው «ለተጊዮርጊስ ዝምተኛ ናት» ይላል። ዝምተኛ አይደለሁም፣ የሚያናግረኝ ጠፍቶ ነው።

ሐሙስ ሐሙስ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሃኒ የምትባል ወጣት የምታዘጋጀው የስልክ ፕሮግራም ነበር። የሚደውለው አብዛኛው ለፍቅረኛው ዘፈን የሚመርጥ ጎረምሳ ነው። ከደዋዮቹ አንዱ ጋሽ ገመዳ ግን የጌታ ሰው ናቸው፣ ዘፈን አይመርጡም። «ገመዳ ነኝ፣ ከካራ» ብለው ይጀምሩና ስለ ገብሳቸው፣ ስለ ጉልበታቸው ሕመም፣ ስለ ሟች ባለቤታቸው ስለ ጥሩብርሃን ያወራሉ። ድምፃቸው ዝግ ያለ ነው። አይቸኩሉም፤ ሃኒ ሰዓት ሞላ ስትላቸው እንኳ መርቀዋት ነው የሚዘጉት።

አንድ ሐሙስ «ለአንድ ሰው የሚሆን ሽሮ ስንት ማንኪያ ነው?» ብለው ጠየቁ። «እሷ ከሞተች ጀምሮ ልኩ ጠፍቶብኛል። ድስት ሙሉ እሠራና የተረፈውን ለውሻ ነው የምሰጠው።» ሃኒ ሳቀችና ሙዚቃ አስገባች። ሁለት የሾርባ ማንኪያ ነው። እኔ ይህን ጠንቅቄ አውቃለሁ፤ ስንት ዓመት ለክቼዋለሁ። ግን ተቆጣጣሪ ወደ ጣቢያ አይደውልም፣ ደንብ ነው። መልሱን ይዤ ቁጭ አልኩና ቅጹ ላይ «ጥሰት የለም» ብዬ ጻፍኩ።

ምን እደብቃለሁ፣ ወድጃቸው ነበር። እንደ ባል ይሁን እንደ አባት እኔም አላውቀውም። ሰኞ ስነሳ ለሐሙስ ስንት ቀን እንደቀረ እቆጥራለሁ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ከማርያም ደጅ ቆሜ ወደ ምሥራቅ፣ ካራ ይሆናል ብዬ ወደገመትኩት ሰፈር አያለሁ። ከዚያ ርቀት የሚታየው ቆርቆሮ ብቻ ነው፤ ቢሆንም አያለሁ።

መጋቢት መጨረሻ ላይ ደውለው ስለ ልጃቸው ስለ ጌድዮን አወሩ። «ሲ.ኤም.ሲ ነው ያለው። ከደጄ ሆኜ ሰፈሩ ይታየኛል። የስልክ ካርድ በሰው ይልክልኛል፣ ራሱ ግን ከመጣ ዓመት አለፈው። በላከልኝ ካርድ ለእሱ ስደውል አያነሳም። ስለዚህ ለእናንተ እደውላለሁ» አሉ። ሃኒ እንኳ ሰዓት ሞላ አላለቻቸውም። ያን ቀን ስንትና ስንት ሰው ሰምቷቸዋል፤ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና ጌድዮን ብቻ ሳይሰማ የቀረ መሰለኝ።

ከዚያ በኋላ ጠፉ። አንድ ሐሙስ አለፈ፣ ሁለተኛው አለፈ፣ ሦስተኛው አለፈ። ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ብቻቸውን የሚኖሩ ሰው ናቸው። ሞተዋል ብዬ ቆረጥኩ።

እኛ ዘንድ የተላለፈ ነገር ሁሉ ቅጂው ሠላሳ ቀን ይቀመጣል፤ ከዚያ ኮምፒዩተሩ ራሱ ያጠፋዋል። ቅሬታ የቀረበበት ከሆነ ግን ጉዳዩ እስኪያልቅ አይነካም። የቀደሙት ሐሙሶች ጠፍተዋል፤ ከነሱ የቀረው አንዱም ነገ ይጠፋል። ስለ ጌድዮን ያወሩበት የመጨረሻው ስምንት ቀን ቀርቶታል። የቀረጻ ክፍሏን ሰዓዲያን «እስቲ ይህን ቅጂልኝ» ብላት እምቢ አትለኝም፤ ግን ለምን ብላ ትጠይቀኛለች። የማላውቃቸው ሽማግሌ ናፍቀውኝ ነው ልበላት? አፈርኩ። ከሰዓዲያ ዓይን ይልቅ ቅጽ ቀለለኝ፤ የኖርኩበት ነገር ነዋ።

ከእንግዳ መቀበያው የሕዝብ ቅሬታ ማቅረቢያ ቅጽ አንስቼ «የግለሰብን የግል ሕይወት ያለፈቃዱ በአየር ላይ ማውራት» ብዬ ሞላሁ። የአመልካች ስም በሚለው ቦታ የሟች እናቴን የየማርያምወርቅን ስም ጻፍኩና ሳጥኑ ውስጥ ጨመርኩት። ሐሳቤ ግልጽ ነበር። ቅሬታው ከጠረጴዛ ጠረጴዛ እየተንከባለለ ይከርማል፣ የጋሽ ገመዳ ድምፅም አብሮት ይከርማል። ማንም አይጎዳም ብዬ ነበር።

ወቅቱን ረስቼዋለሁ። ምርጫ ሊደረግ ሳምንታት ቀርተው ስለነበር ጣቢያዎቹ ጥላቸውን ይፈራሉ፣ የእኛም አለቆች ነገር ማሳደር ፈርተዋል። ቅሬታው በአራተኛው ቀን ደብዳቤ ሆኖ ወጣ። ጣቢያው ሳይቃጠል በቅጠል ብሎ የፕሮግራሙን ስልክ ዘጋው፤ ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሙዚቃ ብቻ ሆነ። የክፍል ኃላፊያችን ልደቱ ጠርቶኝ «ደዋዩም ቃላቸውን ይስጡ ተብሎ በቀበሌ በኩል ተጽፎላቸዋል። ሰዓቱን የምትሰሚው አንቺ ስለሆንሽ አንቺው ተቀበያቸው» አለኝ።

«በሕይወት አሉ?» አልኩት።

«ማን፣ ሰውየው? ምነው፣ ታውቂያቸዋለሽ?»

«አላውቃቸውም» አልኩ። እውነቴን ነው።

ማክሰኞ ጠዋት መጡ። እኔ ረጅም አድርጌ ነበር የሣልኳቸው፤ አጭር ናቸው፣ ኮታቸው ሰፍቷቸዋል። ድምፃቸው ግን ያው ነው። «እንደምን አደሩ» ሲሉኝ ወንበር ሳብኩላቸው። ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ተቀመጡ።

«ባለፈው ወር የት ነበሩ?» አልኳቸው። ቅጹ ላይ እንዲህ ያለ ጥያቄ የለም።

«ሳምባ ምች ይዞኝ ጎረቤት ቤት ተኝቼ ነበር። ጌታ ይመስገን፣ ተረፍኩ።» ዙሪያቸውን ቃኙና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አንድ ነገር ልጠይቅዎ። የከሰሰኝ ማነው?»

«ክስ አይደለም፣ ቅሬታ ነው። የአመልካች ስም ደግሞ አይገለጽም፣ ጋሽ ገመዳ።»

«ባይነግሩኝም አውቄዋለሁ። በስም ያነሳሁት አንድ ሰው ነው። ሌላ ማን ይከፋዋል? ልጄ ነው፣ ጌድዮን።» ከኪሳቸው መሐረብ አውጥተው አፋቸውን ጠረጉ። «አልፈርድበትም። ገመናውን ባደባባይ አወጣሁበት። አባትህ ይቅርታ ጠይቋል ብለው ይጻፉልኝ። የተቀዳውም ይጥፋለት።»

እስክሪብቶውን አስቀመጥኩ። ዝም ብል ደንቡ ከኔ ጋር ነው፤ ስም አይገለጽም ይላል። ብናገር በሐሰት ስም ቅሬታ ያስገባች ሠራተኛ ነኝ፣ ስንት ዓመት ያበላኝ እንጀራ ሊቀር ይችላል። ፈራሁ። ግን እኚህ ሰው ልጄ ከሰሰኝ እንዳሉ ካራ ሊገቡ ነው፣ እንዳሉም ሊሞቱ ይችላሉ።

«ልጅዎ አይደለም» አልኩ።

«ለሱ አዝነው ነው የሚደብቁኝ።»

«አይደለም። እኔ ነኝ።»

ትክ ብለው አዩኝ። «አንቺ? የት አውቀሽኝ? ምን አደረግኩሽ?»

«ምንም አላደረጉኝም። በሠላሳ ቀን ይጠፋል፤ ቅሬታ ያለበት ብቻ ነው የማይጠፋው። የሞቱ መስሎኝ ድምፅዎን ላስቀር ብዬ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ስሰማዎ ነበር።»

አልዋሽም፣ ይህን ተናግሬ አንድ ደግ ቃል ጠብቄ ነበር። ስንት ዓመት እንደ ሰው ሳልታይ ኖሬያለሁና፣ ሲገባቸው ይስቃሉ፣ ወይም እጄን ይይዙኛል ብዬ ነበር። እሳቸው ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አዞሩት፣ መልሰው አዞሩት።

«ደብዳቤያችሁ የደረሰኝ ቅዳሜ ነው» አሉ። «እሑድ ጌድዮን መጣ። መታመሜን ሰው ነግሮት ነው መሰለኝ፣ ብርቱካን በፌስታል ይዞ መጣ። አባዬ፣ አባዬ እያለ ውጭ ቆመ። ዝናብ ነበር።»

«እና?»

«አልከፈትኩለትም። ከሶኝ ሊያየኝ መጣ ብዬ፣ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ እየሰማሁት ዝም አልኩት። ብርቱካኑን ደጃፉ ላይ ትቶ ሄደ።»

 ይቅርታ የሚለው ቃል አነሰብኝ። ጠረጴዛዬ ላይ ያለውን ስልክ ወደሳቸው ገፋሁና «አሁኑኑ ይደውሉለት» አልኳቸው። ቁጥሩን በቃላቸው ያውቁታል፤ መጫን ጀመሩ። ተነሥቼ ወጣሁ፣ በሩንም ዘጋሁላቸው። በሩ ቀጭን ስለሆነ ውጭ ድረስ ይሰማል። እንዳልሰማ ኮሪደሩ ጫፍ ድረስ ሄድኩ።

ጥቂት ቆይተው ወጡ። ፊታቸው ላይ ምንም አላነበብኩም። «ደህና ዋይ» አሉኝና የደረጃውን ብረት እየተደገፉ ወረዱ። ልከተላቸው ነበር፤ ምን ብዬ ነው የምጠይቃቸው?

የዚያኑ ቀን ለልደቱ ሁሉንም ነገርኩት። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጠኝ፣ ቅሬታውም ተሰረዘ። ቀረጻው ሠላሳ ቀኑ አልፎ ስለነበር ወዲያው ጠፋ። ጣቢያው ግን ምርጫው ካለፈም በኋላ የፕሮግራሙን ስልክ መልሶ አልከፈተም፤ ሃኒም ሌላ ሥራ ያዘች ተባለ። ካራ ወርጄ ለመጠየቅ ሁለት ጊዜ ታክሲ ይዤ ሁለት ጊዜ ከመንገድ ተመልሻለሁ። ጌድዮን ያን ቀን ስልኩን ያንሳው አያንሳው እስከዛሬ አላውቅም። እሳቸው ለመናገር የሚደውሉበትን የሐሙሱን ስልክ ያዘጋሁት እኔ ነኝ።