የእትዬ የሺሀረግ ዲናሞ

እህቴን የወፍጮዋን የናፍጣ ሞተር ሽጣ በመብራት የሚሠራ ዲናሞ እንድትገዛ ያግባባኋት እኔ ነኝ። አሶሳ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት የጥናት ባለሙያ ነኝ። የሀገራችን የኃይል ፍጆታና የኢኮኖሚ ዕድገት በሃያ ዓመት ውስጥ እንዴት እንደተጓዙ የሚያሳይ ሰንጠረዥና ግራፍ ሳዘጋጅ፣ ሁለቱ መስመሮች እንደ መንታ ተያይዘው ሲወጡ አይቼ ልቤ ሞቀ። ልቤ ሲሞቅ ደግሞ አፌ አያርፍም።

«እትዬ፣ ግድቡ እዚሁ ጉባ ኃይል እያመነጨ አንቺ ጀሪካን ይዘሽ ናፍጣ ትሰለፊያለሽ?» አልኳት።

እህቴ የሺሀረግ፣ ወላጆቻችን በደርግ ጊዜ ከወሎ መጥተው በሰፈሩበት፣ ባምባሲ አጠገብ ባለ መንደር፣ ብቸኛዋ ባለ ወፍጮ ናት። ሦስት ልጆች የምታሳድገው በዚያው ነው። «የተማርከው አንተ ነህ» ብላ ሸጠች።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ደወለች። «ወንድምዓለም፣ ዲናሞህ ተጎልቷል። ከጎረቤቶቼ በቀር የሚያስፈጭ የለም፤ ከወንዝ ማዶ አንድ ሰው አልመጣም። በዚህ ከቀጠለ መዝጋቴ ነው፤ ልጆቹን በምን ላሳድግ?»

ሰዉ ለለውጥ ዝግጁ አይደለም አልኩ በልቤ። ቢሮ ውስጥ ግራ ሲገባን የምንለው እሱን ነው። ቅዳሜ ግን ከአሶሳ ተነስቼ ወንዙን ተሻግሬ ደንበኞቿ ወደሚኖሩበት የበርታዎች መንደር ሄድኩ። የእህቴ የቆየች ደንበኛ ኢቲዳል ደጇ ላይ ተንበርክካ ማሽላ በድንጋይ ትፈጫለች።

«ወፍጮ ቤት ለምን ቀራችሁ?» አልኳት።

«ወፍጮ ሞተ አይደለ?» አለችኝ ተገርማ፣ በተሰባበረ አማርኛዋ። «ድሮ ጠዋት ኩኩ ይላል፣ እኛ ማሽላ ይሸከማል። አሁን ዝም አለ። ሞተ ብለን ቀረን፣ ወላሂ።»

እኛ አገር የናፍጣ ወፍጮ ጭስ ማውጫ ላይ ፊሽካ ይገጠምለታል። ድምፁ ሳይሰማ እህል የሚጭን የለም፤ ሁለት ሰዓት በእግር ተጉዞ የተበላሸ ወፍጮ ማግኘትን ሁሉም ቀምሶታል። በዚያ ድምፅ አድጌ ረሳሁት። ዲናሞ አይጮኽም።

«ይሠራል። በመብራት ሆኖ ነው ድምፅ ያጣው» አልኳት።

ኢቲዳል መዳፏን ከድንጋዩ ላይ አነሳች። ውሃ ቋጥሮ ፈንድቷል። «ታዲያ ለምን አልነገርክም?» አለችኝ።

አፈርኩ። የሀገር ቁጥር ለቅሜ የማልጠግብ ሰው ሆኜ አንዲት ወንዝ ተሻግሬ መናገር አልታየኝም።

ሰኞ ዕለት አሥራ ሁለት ሴቶች ማሽላቸውን ተሸክመው መጡ። እህቴ ስትደውልልኝ እየሳቀች ነበር፤ በዱቄቱ ብናኝ ስትስል ጭምር ሰማኋት።

ቢሮ ስገባ የወሩ ሪፖርት ጠረጴዛዬ ላይ ነበር። የእህቴን ወፍጮ «ናፍጣን በመብራት በመተካት የተገኘ ውጤት» ብዬ በገዛ እጄ ጽፌው ነበር። ሰረዝኩት። በምትኩ ምን እንደምጽፍ ግን እስካሁን አላውቅም፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ በሴቶች ክንድ ለተፈጨው ማሽላ በሰንጠረዤ ውስጥ ቦታ የለኝም።