የሸክላ ሠሪዋ ልጅ ዕጣ

ነገርን በሚዛን የሚመረምር አንባቢ እንደሚያውቀው፥ የሰው ልጅ ከሚጸናባቸው ልማዶች ሁሉ የሚበረታው፥ ያልተገለጠለትን የአምላክ ምክር እንደ ተገለጠለት አድርጎ ማስተማር ነው፤ ፀሐዩን ለኃጥኡም ለጻድቁም አስተካክሎ የሚያወጣ ጌታ ስለ ዝናሙ አንዳች ሐተታ ሳይጽፍ ሲያልፍ፥ ከዚያው ዝናም አንድ ጋን የቀዳ ሊቅ ግን ጠብታው ለማን እንደ ተወሰነ፥ ለማንስ እንደ ተከለከለ አርባ ቀን ሙሉ ሊተረጉም ይችላል። ከእነዚህም ሊቃውንት አንዱ በጽጌ አምባ ደብር የትርጓሜ ወንበር ዘርግተው ሃያ ስድስት ዓመት ያስተማሩት መምህር ዘርዓ ዳዊት ነበሩ፤ በጾም የጠወለጉ፥ በትሕትና የታወቁ፥ በማንም ላይ ክፉ ያልተመኙ ሰው። በትምህርታቸው ውስጥ ግን አንዲት እሾህ ነበረች፤ የሚድኑት ዓለም ሳይፈጠር ተቈጥረዋል፥ የሚጠፉትም እንዲሁ፤ ያዕቆብ በማኅፀን ሳለ ተወደደ፥ ዔሳውም በማኅፀን ሳለ ተጠላ ይሉ ነበር። ሌሎች አበው እግዚአብሔር ሰው ሁሉ ይድን ዘንድ ይወዳል የሚለውን ቃል ቢያነሡባቸው፥ «ሁሉ ማለት የተጻፈው ሁሉ ነው» ብለው በጸጥታ ይመልሱ ነበር።

በዚያ ዘመን ጳጳሱ የሚቀመጡት ከደብሩ የአሥራ ሁለት ቀን መንገድ ርቀው በጎንደር ስለ ነበር፥ ዲቁና የሚሹትን ደቀ መዛሙርት ሁሉ መላክ ስንቁም መንገዱም አይፈቅድም፤ ስለዚህ በየዓመቱ ሦስት ብቻ በዕጣ ይመረጡ ነበር። እያንዳንዱ ተማሪ የራሱን ምልክት የቀረጸባትን ቁራጭ እንጨት ለደብሩ ንብረትና ሥርዓት ጠባቂ ለቄሰ ገበዝ ስነ ጊዮርጊስ ያስረክባል፤ እርሳቸውም እንጨቶቹን በፍየል ስልቻ ጨምረው ከቤተ መቅደሱ ደጃፍ ያሳድራሉ፤ በማግሥቱም እንጨቱ በገዛ ፈቃዱ ወጣ እንዳይባል አርባ አንድ ጊዜ እግዚኦ ተብሎ ሦስት ዕጣ ይወጣል። የሸክላ ሠሪዋ የደብሪቱ ልጅ መርሻ፥ ድምፁ ያማረ፥ ትምህርቱም የሰመረ፥ ሦስት ዓመት ዕጣ ጥሎ ሦስቱንም ዓመት ቀረ፤ በአራተኛው ዓመት ዕጣ ጣዮቹ አራት ብቻ ሆነው ሳለ የሦስቱ ወጣ፥ የእርሱ ቀረ። ስልቻውን ገልብጦ ያየ አልነበረም፤ የአምላክን ሥራ መመርመር ድፍረት ነውና። መምህሩም ጠርተውት፥ ያለ ቍጣና ያለ ርኅራኄ፥ «ልጄ፥ እግዚአብሔር አራት ጊዜ ተጠየቀ፥ አራት ጊዜ ዝም አለ፤ አንተ ከተጻፉት አይደለህም» አሉት። መርሻ ዳዊቱን በማኅደሩ አድርጎ መለሰ፥ ቆላ ወረደ፥ ሸፈተ፤ መንገደኛ እየገፈፈ ስድስት ዓመት ከኖረ በኋላም በአንድ የገበያ ቀን በጦር ተወግቶ ሳይናዘዝ ሞተ።

ደብሪቱ ሬሳውን በቃሬዛ አሸክማ ወደ ደብሩ ስትመጣ አላለቀሰችም፤ ፊቷም መርዶውን ገና ያልሰማ ሰው ፊት ይመስል ነበር። የምትሻው አንድ ነገር ነበር፤ ልጇ ጸሎተ ፍትሐት ተደርጎለት በቅጽሩ ውስጥ ከሰው ጋር እንዲቀበር፤ መምህሩ ካልፈቀዱ ከገደሉ ሥር እንደ ከብት ይጣላልና። ከደጀ ሰላሙ ከተቀመጡት ደብተራዎች አንዱ «ዐይናችሁን ሸፍኑ፥ ቡዳዋ መጣች!» ሲል፥ ሌላው «አትፍራ፥ ዛሬስ ጠግባለች፤ የገዛ ልጇን በልታለች» አለ። እርስዋ ሁለቱንም እንዳልሰማች አልፋ ከመምህሩ ፊት ቆመች።

«አልችልም ደብሪቱ፤» አሉ መምህሩ። «ጸሎት ያልተጻፈውን አይጽፍም። ሸክላ ሠሪ ከአንዱ ጭቃ አንዱን ዕቃ ለክብር፥ አንዱንም ለውርደት ሊሠራ ሥልጣን የለውምን?»

ደብሪቱ ነገሩን እንደ ሥራ ነገር አዳመጠችው። «የኔታ፥ ይህን የነገረዎት ሰው ሸክላ ሠርቶ ያውቃል?»

«አፍሽን ያዢ፥ ሐዋርያው ነው!» አለ ከደብተራዎቹ አንዱ።

«ይሁን፥ ሐዋርያው ነዋ። እኔ ግን አርባ ዓመት ጭቃ ረግጫለሁ። አንዱ ለጠጅ ይሆናል፥ አንዱ ለእግር መታጠቢያ፤ ልሰብረው ብዬ የሠራሁት ግን አንድም የለ። እሳት ላይ የነቃብኝን እንኳ ለዶሮ ውኃ ማጠጫ አደርገዋለሁ፤ ጭቃዬ ነዋ፥ በእጄ ያሸሁት። እግዚአብሔር ከእኔ ከቡዳዋ ያንሳል?»

ቄሰ ገበዝ ስነ ጊዮርጊስም፥ ከሐፍረት ይሁን ከእርጅና ድካም አልታወቀም፥ ምርኵዛቸውን ተደግፈው ተነሡና፥ «የኔታ፥ የልጁ እንጨት ስልቻ ገብታ አታውቅም» አሉ።

«ምን አሉ?»

«አራቱንም ዓመት እኔ አስቀርቻታለሁ። የሸክላ ሠሪ ልጅ ታቦት ሲያጅብ ማየት አልወደድሁም። ኋላ ልናገር አስቤ ነበር፤ እርስዎ ግን የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው ብለው አስተማሩበት፤ እኔም ከሊቅ በላይ ማወቅ አይገባኝም ብዬ ተውሁት።»

መምህር ዘርዓ ዳዊት አልተቈጡም፥ አላነቡምም፤ ንስሓን በልባቸው ፈልገው፥ ለረጅም ሰዓት ተቀምጠውበት እንደ ደነዘዘ እግር ያለ ነገር ብቻ አገኙ። ካባቸውን ደርበው ፍትሐቱን ራሳቸው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አደረሱ፤ የሟቹ የክርስትና ስም ከሚጠራበት ሲደርሱ ግን ቆሙ፥ ፊደል አስቈጥረው፥ ዳዊት አስደግመው ያሳደጉት ልጅ በማን ስም እንደ ተጠመቀ አያውቁምና። «ወልደ ሰማዕት» አለች እናቱ፥ የጠየቃት ሳይኖር፤ እርሳቸውም ስሙን ደግመው ጸሎቱን ጨረሱ። መርሻ በቅጽሩ ውስጥ ተቀበረ። ደብሪቱ አፈሩ እስኪመለስ ቆማ፥ ማንንም ሳትመርቅ፥ ማንንም ሳትረግም ወደ ቤቷ ሄደች፤ ስነ ጊዮርጊስም ከሹመታቸው አልተሻሩም፥ የሚተካቸው እንደ ደንቡ በዕጣ ይመረጥ ለማለት የደፈረ አልተገኘምና። የሰው ጥላቻ በገዛ ስሙ መጠራት ስለሚያፍር፥ ዓለም ሳይፈጠር ተጽፌ ነበር ይላል።