ማያያዣዋ የማን ናት?

ወንድሜ አምስት ሪፎች ነበሩት፤ ዘፈን ግን አልነበረውም። ሪፍ ማለት ተደጋግሞ የሚመታ አጭር የጊታር ሐረግ ነው፤ የሜታል፣ የዚያ ጯኺ ሮክ፣ አጥንቱ እሱ ነው። ወንድሜ ደግሞ አጥንት ሰብሳቢ ነው። ደስ ሲለው አንድ፣ ሲከፋው አንድ፣ ደንበኛ ሲያናድደው አንድ እየፈጠረ ስልኩ ላይ ይቀዳል። ክሮቹን በየጊዜው በተለያየ ቅኝት ስለሚቃኛቸው ግን ሁለት ሪፎችን እንኳ ያለ ፀብ ማገናኘት አይቻልም።

ባንዳችን የሚለማመደው እሁድ እሁድ፣ ወንድሜ ሶፋ በሚያለብስበት ሱቅ ውስጥ ነው። ስፖንጁ ጩኸታችንን ስለሚውጥልን ጎረቤት እስካሁን አልረገመንም። ከበሮ የሚመታልን ጎሚስታ ነው፤ አዘቦት ጎማ ይደበድባል፣ እሁድ ከበሮ። እንደ አውሬ የሚያጓራው ድምፃዊያችን የመዋዕለ ሕፃናት መምህር ነው። እኔ ቤዝ፣ ወፍራም ድምፅ ያለውን ጊታር፣ እመታለሁ። ያስተማረኝ ወንድሜ ነው፤ "ሚጢጢ፣ አትቸኩዪ፤ ድምፁ ሳያልቅ አትሂጂ" እያለ።

የመጀመሪያ ቀረጻችን ቀጠሮ ተይዞ እንኳ ዘፈኑ አልገጥም አለ። ወንድሜ አምስቱንም በተራ ደርድሮ "ይኸው!" አለን። አንድ ሶፋ አምስት ዓይነት ጨርቅ የለበሰ ይመስል ነበር።

"ወንድም ጋሼ፣" አልኩት፣ "ሁሉንም በአንድ ቅኝት፣ በወፍራሙ፣ እንምታቸው። የመጀመሪያው ሪፍ መጨረሻ ላይ ሦስት ወደ ታች የሚወርዱ ድምፆች አሉ አይደል? እያንዳንዱ ሪፍ ሲያልቅ ወደነሱ ይመለስ። ከዚያ ትንሽ ዝም እንበል፤ ከዚያ ቀጣዩ። አራተኛው ግን ይውጣ።"

አራተኛው የሚወደው ነው።

"አንቺ ቤዝሽን ምቺ፣" አለኝ በሰው ፊት። "ቤዝ ይከተላል እንጂ አይመራም።"

ጎሚስታው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ?

በሚቀጥለው እሁድ ወንድሜ ዓይኑን በጨው አጥቦ መጣ። "ሳምንቱን ሙሉ ሳስብበት ከርሜ..." ብሎ ዘፈኑን መታልን። ወፍራሙ ቅኝት፣ ሦስቱ ድምፆች፣ ዝምታዋ ሳትቀር አለች፤ አራተኛው ሪፍ ደብዛው የለም። ዘፈኑ በእግሩ ቆመ። ጎሚስታው የከበሮ ዱላዎቹን ወደ ላይ ወረወረ።

"የሚወዱትን ቆርጦ መጣል የወንድ ልብ ይጠይቃል!" አለ።

ወንድሜ ወደኔ አላየም። የተቃኘ ጊታሩን እንደገና ይቃኝ ጀመር።

ማፈር የነበረበት እሱ ነው፤ ያፈርኩት ግን እኔ። ፊቴ እስከ ጆሮዬ ጋለ። ታላቅ ወንድምን እጅ ከፍንጅ መያዝ ልብሱን ሲቀይር በር ከፍቶ እንደ መግባት ነው፤ ደንግጦ በሩን የሚዘጋው የገባው ሰው ነው። ሆድ ይፍጀው ብዬ ቤዜን መታሁ።

ስቱዲዮ ስንደርስ መጀመሪያ አብረን ተጫወትን። የቀረጻ ባለሙያው፣ ጢማቸውን የሚያፍተለትሉ ሽማግሌ፣ ሲያዳምጡ ቆዩና "ይቺ ባለ ሦስት ድምፅ ማያያዣ ቆንጆ ናት። የማን ሐሳብ ናት?" አሉ።

ወንድሜ አፉን ሊከፍት ሲል ቀደምኩት።

"የሱ ናት።"

ገመናችንን የሸፈንኩ መስሎኝ ነበር። እውነቱን ለመናገር ግን፣ "የእህቴ ናት" ሳይል ሲቀር ማየት ፈርቼ ነው።

ከዚያ ለየብቻ መቀረፅ መጣ። ወንድሜ ከመስታወቱ ወዲያ ብቻውን ገባ። ሱቅ ውስጥ የኔ ቤዝና የጎሚስታው ከበሮ ይሸፍኑት ነበር፤ እዚህ ጊታሩ ራቁቱን ነው። ሦስቱ ድምፆች ላይ ሲደርስ ቸኮለና የመጨረሻውን ሳይጨርስ ወደ ቀጣዩ ሪፍ ዘለለ።

"እንደገና፣" አሉት ሽማግሌው። ቸኮለ። እንደገና። አሁንም ቸኮለ። ያቺን ትንሽ ዝምታ መሸከም አቃተው።

"የኔ ልጅ፣ ራስህ ያመጣሃትን እንዴት ታቅትሃለች?"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ወንድሜ እጁን ከክሮቹ ላይ አነሳ። ማይክሮፎኑ ክፍት ስለነበር ትንፋሹ ሳይቀር ይሰማናል።

"የኔ አይደለችም፣" አለ። "ማያያዣዋም፣ አራተኛውን መጣሉም የእህቴ ሐሳብ ነው። ስትነግረኝ አላገጥኩባት፤ ከዚያ የኔ ነው ብዬ አመጣሁት። ከዚያን ቀን ወዲህ ዓይኗን ማየት አልቻልኩም።"

ጎሚስታው ወደኔ ዞረ፤ መምህሩም። ይህችን ቀን በልቤ ስንቴ አልሜያት ነበር! በሕልሜ አገጬን ቀና አድርጌ እቆም ነበር። አሁን ግን የጫማዬን ማሰሪያ ከማየት በቀር አልሆነልኝም። "የሱ ናት" ብዬ የዋሸሁት እኔ ነኛ፤ እሱ ግን የኔን ውሸት ሳያነሳ የራሱን ብቻ ተናገረ።

በሩን ከፍቼ ገባሁ። ጊታሩን ሊሰጠኝ ሲነሳ እግሩ ከገመዱ ጋር ተጠላለፈ።

"አንቺ ምቺው፣" አለኝ፣ ወለሉን እያየ።

"አይሆንም። ሪፎቹ ያንተ ናቸው። ቁጭ በል።"

አጠገቡ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ጀመረ። ሦስቱ ድምፆች ላይ ሲደርስ ጉልበቱን ያዝ አደረግኩት።

"አትቸኩል፣ ወንድም ጋሼ። ድምፁ ሳያልቅ አትሂድ።"

የመጨረሻው ድምፅ ረዘመ፣ ቀጠነ፣ ጠፋ። ቀና ብሎ አየኝ፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። ቀጣዩ ሪፍ ውስጥ ልክ በሰዓቱ ገባ።

"ጎበዝ!" አሉ ሽማግሌው በድምፅ ማጉያው። "ግን የእህትህ ድምፅ አብሮ ተቀርጿል። እንድገመው?"

"አይ፣" አለ ወንድሜ። "ይቆይ። ቦታው የሷ ነው።"

እስከ ዛሬ ያ ዘፈን ተከፍቶ እዚያች ቦታ ሲደርስ እሱም ወለሉን ያያል፤ እኔም ወለሉን አያለሁ።